የጋሽ ዱካሌ ሴራ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ሳሮን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስታነብ ቆየችና ድንገት ቀና ብላ «እማማ፣ ጌዴኦ የራሱ ሴራ አለው እንዴ?» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ሕግ ነው የምታጠናው። ስለ ባህላዊ ዳኝነት አንብባችሁ ኑ ተብለው፣ አንዱን ጽሑፍ ስትከፍት «የጌዴኦ ሴራ» የሚል ርዕስ ፊቷ ድቅን አለባት። በማን ላይ ነው የሚያሴሩት ብላ እኮ ነው! እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር፤ ሳቄ ሲመጣ ጎመኑም ቢላውም ከጭኔ ላይ ተንሸራቶ ወረደ። ምን ልበላችሁ፣ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ልጅቷ የሆነ ነገር ያመመኝ መስሏት ውሃ ልታመጣ ተነሳች። ኧረ ቁጭ በይ፣ በዚህች ቃል የተነሳ እኔ ከሥራዬ ተባርሬ አውቃለሁ፣ አንድ ደግ ሰውም ወህኒ ሊወርድ ለትንሽ ነው የተረፈው አልኳት። ሳሮን በአማርኛ ነው ያደገችው፤ ቋንቋችን ጌዴኡፋ ላይ ከሰላምታ አታልፍም፤ ጥፋቱም የእኔና የእናቷ ነው። ሴራ በጌዴኡፋ ሕግ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተሰይመው ሰው የሚያስታርቁበት፣ ድንበር የሚያካልሉበት፣ ታላቅና ታናሽ የሚከባበሩበት ሥርዓት ሁሉ ሴራ ነው፤ የእግዚአብሔርም ሕግ ሴራ ነው። በአማርኛ ምን እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ያን ጊዜ ታይፒስት ነበርኩ። ዲላ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ተዉት፤ ቤቱም ፈርሷል። አሁን በቦታው ፎቅ ቆሞበት ከታች ሞባይል ይሸጣል፣ ከላይ ጥርስ ይነቀላል። ታይፒስትነት እንደዋዛ የሚታይ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ስናልፍ መንገድ ይለቀቅልን ነበር! ፀጉሬን አፍሮ ነፍቼ፣ ሰማያዊ የቴትሮን ቀሚሴን ለብሼ፣ ከዓረቡ ሱቅ የገዛኋትን ባለ ወፍራም ሶል ጫማ አድርጌ ቋ ቋ እያልኩ ስሄድ አስፋልቱ የእኔ ነበር። ክረምት ገብቶ ያ ቀይ ጭቃ ሲመጣ ግን ጫማዬን በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ እሄድና መሥሪያ ቤቱ ደጅ ካለው ቧንቧ እግሬን ታጥቤ አደርገዋለሁ፤ ሁላችንም እንደዚያው ነበርን፤ ቧንቧው ጋ ተራ እንጠብቅ ነበር። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ በአምስት። መናኸሪያው ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ሴትዮ አናናስ በስሙኒ ትሸጥ ነበር፤ ስትበሉት ውሃው እስከ ክርናችሁ ይወርዳል። የዛሬውን ዋጋ አልነግራችሁም፤ ደሜ ይነሳል። ደግሞ ቡና በሚደርስበት ወራት የሚታጠበው እሸት ቡና ሽታ ከተማውን ይሞላዋል። እንግዳ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኛ ግን ያ ሽታ ሲመጣ ሰርግ መጣ፣ አዲስ ልብስ መጣ ማለት ስለሆነ ልባችን ይዘላል። የእኔስ አሁንም ይዘላል። አባቴ ሞቶ እናቴ ወናጎ ብቻዋን ስለቀረች፣ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ከእኔ ጋር በአንዲት ክፍል እየኖሩ በእኔ ደመወዝ ይማሩ ነበር። እኔ ከዚያ ማሽን ከተነሳሁ ሦስታችንም ሜዳ ላይ ነን፤ ነገሩ ይህን ያህል ነበር።

አለቃዬን ጓድ ታረቀኝ እላቸዋለሁ። ከወደ ደጋው የመጡ፣ ካኪያቸው እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣ ነገረ ሥራቸው ሁሉ በፊደል የሆነ ሰው ነበሩ። ሁለት ነጥብ ከተረሳች ገጹን ሙሉ ያስደግሙኛል። አማርኛዬ ጥርት ያለ ስለነበር የዚህ አገር ሰው አልመሰልኳቸውም፤ አንድ ቀን «አንቺ የአዲስ አበባ ልጅ ነሽ አይደል?» ቢሉኝ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። በዚያ ዘመን የጸሎት ቤቶቻችን በር ላይ ትልልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ነበር። «ጴንጤ» ከተባልክ ከሥራም ከቀበሌም ከሰውም ትወጣለህ። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሥራ እኩለ ቀን ላይ ሲያልቅ፣ አክስቴን ልጠይቅ ነው ብዬ በእግሬ ወደ ጪጩ እወርድና ከጋሽ ዱካሌ ጓሮ፣ ከእንሰቱ መሐል እገባለሁ።

ጋሽ ዱካሌ የአባቴ ሚዜ ነበር። ጌዴኡፋ ላይ አንቱታ ስለማናበዛ አንተ ነው የምለው፤ አትታዘቡኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ፣ ቡናና እንሰት የሚያለማ ገበሬ ነው። ወንጌል ከገባው ጊዜ ጀምሮ ደግሞ በእሱ ዘንድ ትንሽ ውሸትና ትልቅ ውሸት የሚባል ነገር የለም። አንድ ነገር ልንገራችሁና ተረዱት። ስንሰበሰብ ሰው እንዳይጠረጥር ሁሉም ዶማ ይዞ ይምጣ ተባለ፤ ደቦ ይመስላላ! ጋሽ ዱካሌ አሰበ፣ አሰበና እሺ፣ ግን ሳልቆፍር ዶማ አልሸከምም አለ። እናላችሁ ጸሎቱ ሲያልቅ ሽማግሌ የለ፣ ሴት የለ፣ ባለ ሶል ጫማዋ ታይፒስት የለች፣ ሁላችንም ግማሽ ሰዓት እንቆፍራለን። ያ ጓሮ እንደዚያ አምሮበት አያውቅም! መዝሙሩን አፋችንን ገጥመን በአፍንጫችን ነበር የምናዜመው፤ ከደጅ አንዲት እናት እንሰት ትፍቅልናለች፤ የፍቂያው ድምፅ ዜማውን ይሸፍነዋል። አሁን እሑድ እሑድ ከሳሮን ጋር ስሄድ፣ ኪቦርዱ፣ ድምፅ ማጉያው፣ ግድግዳው ላይ የሚበራው የመዝሙር ግጥም፣ ለጋሽ ዱካሌ ባሳየሁት እላለሁ። አንዳንድ እኩዮቼ ያማርራሉ፤ ልጆቹ መጽሐፍ ቅዱስ በስልክ ያነባሉ፣ ይዘላሉ፣ ሱሪያቸው ጠበበ ይላሉ። እኔ ከፊት ወንበር ተነስቼ አብሬያቸው አጨበጭባለሁ። እናንተ ሆዬ፣ ጮክ ብሎ መዘመር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ተከልክሎ ያየ ነው!

የፈሩት ይደርሳል፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ማሽኔ ፊት ተቀምጬ ቀና ስል ጋሽ ዱካሌን ሁለት ሰዎች ይዘውት ገቡ። ጭቃ የነካው ጋቢውን እንደለበሰ ነው። እኔን አየኝና ወዲያው ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላየም። እንዳያጋልጠኝ ነው፤ ገባኝ። መርማሪው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ጎረምሳ ነበር። አስተርጓሚ ልጥራልህ ቢለው ጋሽ ዱካሌ ተቀየመ፤ አማርኛ እችላለሁ አለ። ቃሉን በእጅ የምጽፈው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለምንድነው የምትሰበሰቡት ተብሎ ተጠየቀ።

«ለሴራ ነው የምንሰበሰበው» አለ ጋሽ ዱካሌ።

መርማሪው ጆሮውን ማመን አቃተው። ሰው ሳይገረፍ፣ ሳይሰደብ፣ ወንበር ላይ ደገፍ ብሎ ሴራዬ ይህ ነው ሲል አይቶ አያውቅማ! ድገመው አለው። ጋሽ ዱካሌም ትምህርት የማይገባውን ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ ዘረዘረለት፤ ሴራ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፣ ሴራ የሌለው ሰው ሰው አይባልም፣ ለልጆቻችንም ሴራ እናስተምራለን፣ አንተም ቅዳሜ ብትመጣ እናስተምርሃለን። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እኔ ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ እጽፋለሁ። «ሕግ ማለቱ ነው» ብዬ ሁለት ቃል ብናገር ነገሩ ያልቃል። ግን አንቺ በምን አወቅሽ ይሉኛል፤ ጌዴኡፋ ከየት አመጣሽ፣ ሰውየውን ታውቂዋለሽ ወይ፣ አንቺስ ቅዳሜ የት ነው የምትሄጂው። ወንድሞቼ ታዩኝ፤ የክፍሏ ኪራይ ታየኝ። አፌን ዘግቼ ጻፍኩ። መርማሪው በደስታ ሰክሮ ሌሎቹን ሴረኞች አሳድጄ ልያዝ ብሎ በሞተር ሳይክል ወደ ጨለለቅቱ በረረ። እኔን ነገ ጠዋት በሦስት ቅጂ አድርሺው፣ ጓድ ታረቀኝ አንብበውለት ጣቱን ያሳርፋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይላካል አለኝ። ወደ ላይ የተላከ ሰው በዚያ ዘመን መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ጠዋት ግን ሰማይ የተከፈተልኝ መሰለኝ። በማሽኑ ፊት ተቀምጬ ካርቦኑን አስገብቼ ስጀምር ለካ ነገሩ አንዲት ፊደል ነው! «ለሴራ» የሚለውን «ለሥራ» ብለው ማን ያውቃል? መርማሪው የለም፤ በእጅ የተጻፈው በእኔው እጅ ነው፤ ደግሞም ቆፍረናል እኮ፣ ሥራ አይደል? እንዲህ ዓይነት ብልሃት ከየት መጣልኝ ብዬ ራሴን አደነቅሁ። ጸለይኩ እንኳ፣ ሳቁብኝ፤ ጌታ ሆይ ይህችን ፊደል ባርካት አልኩ። መርማሪው ተመልሶ ሲመጣስ የሚለው ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈ። ጣቶቼ እንደዚያ ጠዋት ቀልጥፈው አያውቁም፤ ሦስቱ ቅጂ ያለ አንድ ስሕተት ወጣ።

ጋሽ ዱካሌ በዘበኛ ታጅቦ ቀረበ። ጓድ ታረቀኝ መነጽራቸውን ሰክተው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ለሥራ ነው የምንሰበሰበው። ሥራ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ሥራ የሌለው ሰው ሰው አይባልም። ለልጆቻችንም ሥራ እናስተምራለን። እያነበቡ በሄዱ ቁጥር ፊታቸው እየፈካ መጣ፤ በየግድግዳው ከተለጠፈው መፈክር ምን ይለየዋል! እንዲህ ያለውን ንቁ ገበሬ ነው እንዴ አስራችሁ ያመጣችሁት ብለው ዘበኛውን ተቆጡ። እኔ ከማሽኑ ጀርባ ልጮህ ደረስኩ፤ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ እላለሁ በልቤ። ጓድ ታረቀኝ የቀለሙን ሰሌዳ ገፋ አደረጉለትና በል አባት፣ ጣትህን አሳርፍና ወደ ቤትህ ሂድ አሉት። ጋሽ ዱካሌ አውራ ጣቱን ዘረጋ። ቀለሙ ላይ ሊያሳርፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ከዚያ እጁን መለሰና ጋቢው ውስጥ ከተተው።

«ጌታዬ፣ እኔ ለሥራ አላልኩም» አለ። «ሥራም ሠርተናል፣ ጓሮውን ቆፍረናል። የሰበሰበን ግን ሴራ ነው።»

ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። ከትናንት ጀምሮ ግድግዳ ሲያይ የነበረው ሰው ቀጥ ብሎ እኔን አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጓድ ታረቀኝ ወረቀቱን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ እኔን አዩ። ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ ዛሬም አላውቅም፤ ወንበሩ ከኋላዬ ሲወድቅ ሰማሁት።

«ሴራ በጌዴኡፋ ሕግ ማለት ነው» አልኩ። «ሥራ ብዬ የለወጥኩት እኔ ነኝ። እሱ አላለም።»

ጌዴኡፋ ከየት አመጣሽው አሉኝ። ቋንቋዬ ነው አልኩ፤ የወናጎ ልጅ ነኝ። ሕጉስ የምን ሕግ ነው ሲሉኝ የእግዚአብሔርን ቃል ነው የሚማሩት፣ እኔም አብሬያቸው እማራለሁ አልኩ። አቤት! ይህን ካልኩ በኋላ የተሰማኝን ነገር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ፈርቻለሁ፣ ግን ከውስጤ አንድ ነገር ብድግ ብሎ ሊዘል ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩትን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት! ጓድ ታረቀኝ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ ወደ ጋሽ ዱካሌ ዞረው፣ እስቲ ይህ ሕጋችሁ ምን ይላል አሉት።

«ብዙ ነው» አለ ጋሽ ዱካሌ። «አንዱ፣ በሐሰት አትመስክር ይላል።»

ጓድ ታረቀኝ ሲስቁ ሰማን፤ ሳቅ እንደማያውቅ ሰው፣ በአፍንጫቸው። የሚያስፈታውን ወረቀት የሚያርም ሰው ሴረኛ ሊሆን አይችልም አሉ። ወረቀቱን ቀደዱትና ያለውን እንዳለ ጻፊ፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ከጎኑ አስገቢ አሉኝ። ጻፍኩ። ጋሽ ዱካሌ ጣቱን አሳረፈ። ስብሰባ ከእንግዲህ እንዳልሰማ ብለው ሲያስፈራሩት፣ «አለመስማቱ የእርስዎ ፈንታ ነው» በሚል ዓይነት አስተያየት አያቸውና ወጣ። እኔ ደግሞ ማሽኑን ልሸፍን ስል አንቺ ግን ቁልፉን አስረክቢ አሉኝ። በሃይማኖቴ አልነበረም። የሰውን ቃል የሚለውጥ ጣት በዚህ ማሽን ላይ አይቀመጥም አሉኝ፤ አንድም ክፉ ቃል አልጨመሩበትም።

ይህን ነገር እስከ ባለፈው ቅዳሜ ለማንም አስተካክዬ ተናግሬ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ስለ ጌታ ስም ከሥራ የተባረረች እናታችን» ይሉኛል፤ እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ እቀበል ነበር። የፊታችን እሑድ ወጣቶቹ በዚህ በሚለዋወጥ ዓለም ታምኖ ስለመኖር ንገሪን ብለው ጋብዘውኛል፤ መድረክ ላይ ወጥቼ በውሸቴ ነው የተባረርኩት እላቸዋለሁ፤ ከአሁኑ ደስታው እንቅልፍ ነስቶኛል! ወንድሞቼም ሜዳ ላይ አልቀሩም። እኔ መናኸሪያው ጋ አናናስ ከምትሸጠው ሴትዮ ጎን ሙዝ ይዤ ተቀመጥኩ፤ አፍሮዬን በሻሽ አሰርኩት፤ ሁለቱም ተማሩ። አንዱ አስተማሪ ሆኖ ጡረታ ወጣ፤ ሌላው አሁንም ቡና ይነግዳል፤ በደወለ ቁጥር ይጮህብኛል።

ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቼ ጋሽ ዱካሌን ወደ ጪጩ የሚወስደው መንገድ ላይ ደረስኩበት። ጫማዬን በእጄ ይዣለሁ፤ ዝናብ ጀምሯል። ውስጤ የነበረው ደስታ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቁጣው ግን ቀደመው። ጋሼ፣ ለምን አልኩት፤ ወረቀቱ ሊያስፈታህ ነበር፣ ጣትህን ብታሳርፍ ሁለታችንም እንተርፍ ነበር፤ ወደ ላይ ቢልኩህስ ኖሮ? ጋቢውን አውልቆ ራሴ ላይ ጣለልኝ። ትንሽ ሄድን። ከዚያ በጌዴኡፋ፣ ድምፁን ሳያነሳ መለሰልኝ።

«እኔማ ብታሰር የታሰርኩበትን ቦታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስንቅ ይመጣልኛል» አለኝ። «አንቺ እዚያ ወረቀት ውስጥ ታስረሽ ብትቀሪ ግን ማን አውቆ ይጠይቅሽ ነበር?»